ከኦዞኒ ሾርባ እስከ ምንጅላት መንደር፦ የጃፓን ዘርን በምግብና በጉዞ እንዴት እንፈልግ?

በፈረንጆች አዲስ ዓመት ጠዋት፣ ሲያትል ባለው ቤታችን፣ ቡናው ከመቆላቱ በፊት አንድ ድስት ይጣዳል። የባለቤቴ አያት ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሠሩት የኖሩት ሾርባ ነው፤ ኦዞኒ ይባላል። ልጆቼ «ባቻን» ይሏቸው ነበር። አሜሪካ ያሉ የጃፓን ልጆች አያታቸውን የሚጠሩት እንዲህ ነው። ባቻን ሲያርፉ ድስቱን የተረከብኩት እኔ፣ አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግኩት የልጅ ልጃቸው ሚስት ነኝ። በእጄ የነበረው እሳቸው ሲናገሩ በቁራጭ ወረቀት ላይ የጫርኩት ብቻ ነው፦ የደረቁ ትንንሽ ዓሦች፣ ነጭ ፍጅል፣ ካሮት፣ ከተወቀጠ ሩዝ የሚሠራ ክብ ሞቺ። «ክብ ይሁን» ብለው ደጋግመው አስጠንቅቀውኛል። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። የቤተሰቡን መንደር ፍለጋ የጀመርነው ግን ከዚያች ክብ ሞቺ ተነሥተን ነው።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ላሉ ነው፦ የትዳር ጓደኛቸው ከጃፓን ዘር የሆነ፣ ወይም ራሳቸው ከጃፓናዊ አባት ወይም እናት ተወልደው በአማርኛ ያደጉ፣ ልጆቻቸው «እኛ ከየት ነን?» ብለው የሚጠይቋቸው። የእኛ ታሪክ የሂሮሺማ ስለሆነ ምሳሌዎቼ ወደዚያ ያደላሉ፤ መንገዱ ግን ለሌላውም ያገለግላል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ቶኪዮ ሄዶ ሱሺ በልቶ መመለስ ጥሩ ሽርሽር ነው፤ ዘር ፍለጋ ግን የአንድ መንደርና የአንድ ድስት ጉዳይ ነው። ጎንደሬ አያት ያለው ሰው አዲስ አበባን አይቶ ቢመለስ የአያቱን አገር አየሁ እንደማይል ሁሉ ማለት ነው።

1. ከሽማግሌዎቹ ጋር ስለ ምግብ አውሩ

በሕይወት ያለ አያት ወይም አክስት ካለ ዛሬውኑ ደውሉ። «ቤተሰቡ ከየት ነው የመጣው?» ብላችሁ አትጀምሩ። ብዙዎቹ «ከሂሮሺማ» ወይም «እኔ እንጃ» ብለው ይዘጉታል። ዝምታው ምክንያት አለው። ፌብሯሪ 19 ቀን 1942 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት 9066 ቁጥር ትእዛዝን ከፈረሙ በኋላ 120,000 የሚሆኑ የጃፓን ተወላጆች ከምዕራብ አሜሪካ ጠረፍ ተነቅለው በካምፕ ታጎሩ። ከእነሱ ሁለት ሦስተኛው እዚያው አሜሪካ የተወለዱ ዜጎች ነበሩ። የሲያትል ሰዎች መጀመሪያ ፑያለፕ በሚገኘው የባዛር ሜዳ፣ ከዚያም በአይዳሆ በረሃ ሚኒዶካ ታጎሩ። ጃፓን ፐርል ሃርበርን ከደበደበች በኋላ በፍርሃት ደብዳቤውንና ፎቶግራፉን ምድጃ ውስጥ የከተቱ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ከካምፕ የወጡ ወላጆች ልጆቻቸውን ጃፓንኛ ሳያስተምሩ፣ ስለ ድሮው ሳያወሩ አሳደጉ። እንዲህ ያለውን የወላጅ ዝምታ በደርግ ዘመን ያለፈ የእኛ ሰው ሳያስረዱት ይገባዋል።

ምግብ ግን ከዝምታው አምልጧል። ስለዚህ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ በአዲስ ዓመት ሾርባው ውስጥ ምን ይገባ ነበር? ሞቺው ክብ ነው ወይስ አራት ማዕዘን? ተጠብሶ ነው የሚገባው ወይስ ተቀቅሎ? መረቁ የጠራ ነው ወይስ ሚሶ (የተብላላ የአኩሪ አተር ሊጥ) ያለበት? ዓሣ ነበረው? የምን ዓሣ?

ሞቺ የሚያጣብቅ ዓይነት ሩዝ በእንፋሎት በስሎ፣ ኡሱ በሚባል ሙቀጫ፣ ኪኔ በሚባል መዶሻ መሳይ ዘነዘና ተወቅጦ የሚሠራ ነው። ኦዞኒ ደግሞ እንደየአገሩ ይለያያል። በምሥራቁ ጃፓን፣ በቶኪዮ በኩል፣ ሞቺው አራት ማዕዘን ተቆርጦ ይጠበሳል፤ በምዕራቡ ክብ ሆኖ በአብዛኛው ይቀቀላል። ኪዮቶ ጣፋጭ ነጭ ሚሶ ይገባበታል። ካጋዋ ውስጥ በነጩ ሚሶ ላይ ቀይ ባቄላ የተሞላ ጣፋጭ ሞቺ ይጨመራል። ኒጋታ ሳልሞን፣ ፉኩኦካ ቡሪ የሚባለው ዓሣ፣ ካጎሺማ ተጠብሶ የደረቀ ሽሪምፕ አለበት። ሂሮሺማ መረቁ የጠራ፣ ሞቺው ክብ፣ ከላዩ ቡሪ ወይም የባሕሩ ዛጎል ምግብ ኦይስተር ነው። በቶቶሪና በሺማኔ አንዳንድ ቦታ ኦዞኒ ማለት ጣፋጭ የቀይ ባቄላ ሾርባ ነው። በኦኪናዋ ደግሞ በጥንቱ ልማድ ኦዞኒ የለም፤ ስለዚህ አያትየው «እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም» ካሉ እሱም ራሱ ፍንጭ ነው።

ቃላቱንም ጻፉ፤ ቢቻል ቅረጹ። የተሰደደ ሰው ቋንቋ በወጣበት ዘመን ላይ ይቆማል። እኛስ በ1970ዎቹ ከአገር የወጡ ዘመዶቻችን አማርኛ የዛሬ ወጣት የማይናገረው መሆኑን እናውቅ የለ? የጃፓን ስደተኞችም እንዲሁ ናቸው። ለዱባ «ካቦቻ» በማለት ፈንታ «ቦቦራ» የሚሉ አያት ካሉ መነሻቸው ምዕራብ ጃፓን የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። የእኛ ባቻን ይሉት ነበር። እኛ የሕፃን አነጋገር ይመስለን ነበር።

2. መረቁን ማውጣት ተማሩ

የጃፓን ወጥ ቤት የሚቆመው ዳሺ በሚባል መረቅ ላይ ነው፤ ለእኛ በደንብ የተቁላላ ሽንኩርት እንደማለት። ዳሺ ከሌለ ሚሶ ሾርባው ጨዋማ ውኃ ነው። በከረጢት የሚሸጠው ዱቄት ዳሺ ለጥድፊያ ቀን ይሁን፤ ጣዕሙን ለልጆች ለማስለመድ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ከመሠረቱ ሥሩት።

ቶኪዮም ኪዮቶም ያለው የተለመደው ዳሺ የሚሠራው ኮምቡ ከሚባለው የደረቀ የባሕር ቅጠልና ካትሱኦቡሺ ከሚባለው ታጥኖ ከደረቀ በኋላ እንደ ስስ ወረቀት ከተፋቀ ዓሣ ነው። ለ1 ሊትር ውኃ 10 ግራም ኮምቡና ከ20 እስከ 30 ግራም ካትሱኦቡሺ ይበቃል። ኮምቡውን በቀዝቃዛ ውኃ ቢያንስ 30 ደቂቃ ዘፍዝፉት፤ በለሰለሰ እሳት አሙቁና ሊፈላ ሲል፣ ከድስቱ ሥር ትንንሽ አረፋ ሲነሣ፣ አውጡት። ከፈላ ይለግማል፤ መረቁም ይመራል። ከዚያ ውኃውን አፍልታችሁ እሳቱን አጥፉ፣ ካትሱኦቡሺውን ጨምሩ፣ እስኪሰምጥ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁና በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥልሉ። አትጭመቁት።

ባቻን ግን ይህን አልነበረም የሚሠሩት። የሂሮሺማ ባሕር ሴቶ ይባላል፤ በደሴቶች የተከበበ ጸጥ ያለ ባሕር ነው፤ በዙሪያው ያሉ ባለ አገሮች የቤት ዳሺያቸው ኢሪኮ ነው፤ የተቀቀለና የደረቀ ትንሽ ዓሣ። 20 ግራም ያህል ኢሪኮ ወስዳችሁ የእያንዳንዱን ራስና ጥቁሩን ሆድ ዕቃ በጣት አውጡ፤ ምሬቱ ያለው እዚያ ነው። ይህን ሥራ ለልጆች ስጡ፤ የእኔዎቹ ሽሮ ከሚለቅሙበት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ነው የሚሠሩት። በ1 ሊትር ውኃ ከአንድ ቁራጭ ኮምቡ ጋር አሳድሩት። ጠዋት በለሰለሰ እሳት አሙቁ፣ ከመፍላቱ በፊት ኮምቡውን አውጡ፣ ሲፈላ አረፋውን እየገፈፋችሁ 5 ደቂቃ ያህል አንተክትኩና አጥልሉት። ከካትሱኦቡሺው ይልቅ የጠነከረ ሽታ አለው። ባለቤቴ ባቻን ካረፉ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ይህን ሽታ ሲሸት ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ለአራት ሰው ኦዞኒ፦ ነጭ ፍጅሉን (ዳይኮን የሚባለውን ረጅሙን) እና ካሮቱን በስሱ ቆራርጣችሁ በዳሺው ውስጥ አብስሉ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሾዩ (የአኩሪ አተር ስጎ)፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሩዝ አረቄ (ሳኬ) እና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩና ቅመሱት። ቡሪ ካገኛችሁ ቀደም ብላችሁ ጨው ነስንሳችሁበት አለቅልቁና በመጨረሻ ጨምሩት። ክብ ሞቺውን በሌላ ድስት፣ በሚፍለቀለቅ ውኃ፣ እስኪለሰልስ ቀቅሉና በየሳህኑ ሥር አስቀምጡ፤ መረቁን ከላይ አፍስሱበት።

አደራ፦ ሞቺ ይሳባል፣ ጉሮሮም ይይዛል። ጃፓን ውስጥ በየአዲስ ዓመቱ ሰው ይሞትበታል፤ ይበልጥ አረጋውያን። ለሽማግሌና ለሕፃን በጣት ጥፍር መጠን ቆራርጣችሁ ስጡ፤ ሲበሉ አጠገባቸው ሁኑ፤ ውኃ ወይም መረቅ አስቀድሞ ይቅመሱ። ለትንንሽ ልጆች ጭራሹን ብታስቀሩት ይሻላል፤ እኔ የመጨረሻ ልጄን ትምህርት ቤት እስክትገባ አላስነካኋትም።

ስለ ጾምም ልንገራችሁ፤ ብዙ እኅቶች ይጠይቁኛልና። የገና ጾም ከፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ጋር ይገጥማል። የጃፓን የቡድሃ መነኮሳት ሥጋም ዓሣም የማይገባበት ሾጂን የሚባል የገዳም ምግብ አላቸው፤ ዳሺያቸውን የሚያወጡት በኮምቡና በደረቀ ሺታኬ እንጉዳይ ነው። አራት አምስት ፍሬ ሺታኬ ከኮምቡው ጋር ሌሊቱን ዘፍዝፋችሁ አሙቁት፤ ለጾመኛ የሚሆን ጥሩ መረቅ ይወጣዋል። እኔ የራሴን በትንሽ ድስት እንዲህ እሠራለሁ። ኦይስተሩንም እኔ አልበላም፤ ክንፍና ቅርፊት የሌለው ነውና። ለባለቤቴ ግን በሳህኑ ላይ አደርግለታለሁ፤ የአባቶቹ ባሕር ምግብ ነው።

ከከተማችሁ ጃፓን ግሮሰሪ ከሌለ የኮሪያ ሱቅ ሂዱ፤ የደረቀ ዓሣውም ኮምቡውም አይጠፋም። በዲሴምበር ወር ደግሞ አቅራቢያችሁ ያለው የጃፓኖች የቡድሃ ቤተ መቅደስ ሞቺ የሚወቅጥበትን ቀን ጠይቁ። ብዙዎቹ በሩ ለሁሉ ክፍት ነው። ከዚያ የምታገኟቸው ባልቴቶች ከማንኛውም መጽሐፍ ይበልጣሉ።

3. የመንደሩን ስም አግኙ

«ሂሮሺማ» ማለት አይበቃም። ክፍለ ሀገር ነው። የሚያስፈልጋችሁ አውራጃውና መንደሩ ነው፤ ያውም ካንጂ በሚባለው ከቻይና በመጣው ጽሕፈት ተጽፎ። በድምፅ አንድ የሆነ ስም በብዙ ዓይነት ካንጂ ስለሚጻፍ በላቲን ፊደል የተጻፈው ብቻውን መንገድ አይመራም።

መጀመሪያ መቃብር ሂዱ። ኢሴይ የሚባሉት፣ ባሕር ተሻግረው የመጡት የመጀመሪያው ትውልድ፣ በአሜሪካ መቃብራቸው ድንጋይ ላይ ብዙ ጊዜ ክፍለ ሀገራቸውን፣ አውራጃቸውንና መንደራቸውን አስቀርጸዋል። የእኛ ቤተሰብ ለዓመታት አበባ ሲያስቀምጥበት በነበረው ድንጋይ ጀርባ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ማንበብ የሚችል ሰው ስላልነበረ ማንም አላየውም። የድንጋዩን አራቱንም ጎን፣ በተለይ ጠዋት ወይም ማታ ጥላ በሚወድቅበት ሰዓት፣ ፎቶ አንሡ።

ሁለተኛው የመርከብ መዝገብ ነው። ወደ አሜሪካ ሲገቡ የመጨረሻ መኖሪያቸውና አገር ቤት የቀረ የቅርብ ዘመድ ስም ይመዘገብ ነበር። ሦስተኛው የካምፑ ፋይል ነው፤ የታጎረውን ሰው ጉዳይ የያዘው ፋይል በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ስላለ ጠይቁት። አራተኛው ኬንጂንካይ ነው፤ የአንድ ክፍለ ሀገር ሰዎች መረዳጃ ማኅበር፣ እኛ ዕድር እንደምንለው ያለ። በሲያትል የሂሮሺማዎቹ አለ። የድሮ አባላቱን ስም ከነመንደራቸው የሚያስታውስ ሽማግሌ እዚያ አይጠፋም።

ቀኖቹ ሲመጡ አትደንግጡ። ጃፓኖች ዓመትን በንጉሠ ነገሥት ዘመን ይቆጥራሉ፤ ሁለት የዘመን አቆጣጠር ይዘን ለምንኖር ለእኛ ይህ ከባድ አይደለም። በሜጂ ዘመን ቁጥር ላይ 1867፣ በታይሾ 1911፣ በሾዋ 1925 ደምሩ። «ሜጂ 40» 1907 ነው።

የመንደሩ ስም በዛሬው ካርታ ላይ ከሌለ፣ ተዋሕዶ ይሆናል። በ1889፣ በ1950ዎቹ እና ከ1999 እስከ 2010 ባሉት ዓመታት መንደሮች በብዛት ተጠቃለዋል። ለምሳሌ ብዙ ሰው ወደ ሃዋይ የተሰደደባት ጂጎዜን የምትባለው የሂሮሺማ መንደር ዛሬ ሃትሱካይቺ ከተማ ውስጥ ናት። የድሮውን ስም ዛሬ የትኛው ጽሕፈት ቤት እንደሚያስተዳድረው ሳታረጋግጡ ምንም ደብዳቤ አትላኩ። እኛ በችኮላ ወደ ሌላ ከተማ ልከን ሦስት ወር ጠብቀን ወረቀታችን ተመለሰልን።

4. ኮሴኪውን አስወጡ

ኮሴኪ የጃፓን የቤተሰብ መዝገብ ነው፤ ልደት፣ ጋብቻ፣ ጉዲፈቻና ሞት በአንድ ቤት ሥር ይጻፍበታል። ቤተሰቡ የተመዘገበበት ቦታ ሆንሴኪ ይባላል። በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ1872 ነው፤ ያ የመጀመሪያው መዝገብ የመደብ ልዩነትን ስለሚያሳይ ከ1968 ጀምሮ ተዘግቷል። ለቤተሰብ የሚሰጠው ጥንታዊው በ1886 ደንብ የተጻፈው ነው። ያኔ በሕይወት የነበሩ ሽማግሌዎች ስላሉበት እስከ 1800ዎቹ መጀመሪያ የተወለደ ሰው ልታገኙበት ትችላላችሁ።

የመጠየቅ መብት ያለው በመዝገቡ ያለው ሰው፣ የትዳር ጓደኛውና ቀጥተኛ ወላጅና ተወላጅ ነው። ማመልከቻውን ባለቤቴ ፈረመ እንጂ እኔ አልችልም ነበር። ከማመልከቻው ጋር የፓስፖርት ቅጂ፣ ከእናንተ እስከ ስደተኛው አያት ድረስ ትውልዱን የሚያያይዙ የልደትና የጋብቻ ወረቀቶች ከጃፓንኛ ትርጉማቸው ጋር፣ ክፍያና የመመለሻ ፖስታ ይላካል። የተዘጋ የድሮ መዝገብ ለአንድ ቅጂ 750 የን ነው። ከውጭ አገር ክፍያ እንዴት እንደሚቀበሉ ከጽሕፈት ቤት ጽሕፈት ቤት ስለሚለያይ አስቀድማችሁ በጃፓንኛ ጠይቁ። በማመልከቻው ላይ «እስከ ጥንታዊው ድረስ ያለውን ሁሉ» ብላችሁ ጻፉ፤ ካልሆነ አንድ ገጽ ብቻ ይልካሉ።

አትዘግዩ። የተዘጉ መዝገቦች የሚቆዩት ለ80 ዓመት ብቻ ነበር፤ ወደ 150 ዓመት የተራዘመው በ2010 ነው፤ ከዚያ በፊት የተወገዱ አሉ።

መዝገቡ ሲመጣ በብሩሽ የተጻፈ የድሮ ካንጂ ነው፤ የዛሬ ጃፓናዊ ወጣትም በቀላሉ አያነበውም። እንዲህ ያለ ጽሑፍ የለመደ ተርጓሚ ፈልጉ። እኛ አማሮች «ሰባት ቤት» እንቆጥራለን፤ ባለቤቴ ስድስት ቤት ድረስ በስም ሲደርስ ልጆቼ በእኔም በኩል ቁጠሪ አሉኝ። አባቴ ዘንድ መደወል ግድ ሆነ።

5. ከመሄዳችሁ በፊት ደብዳቤ ጻፉ

ሳይነግሩ በር ማንኳኳት አይገባም። ዘመድ ከተገኘ፣ ወይም የቤተሰቡ መቃብር ያለበት ቤተ መቅደስ ከታወቀ፣ አጭር ደብዳቤ በጃፓንኛ አስጽፉ፦ ማን እንደሆናችሁ፣ ከማን እንደተወለዳችሁ፣ መቼ ልትመጡ እንዳሰባችሁ፣ የምትፈልጉት መቃብሩን መሳለም ብቻ እንደሆነ። ውርስ ወይም መሬት ፈልጋችሁ እንዳልመጣችሁ በግልጽ ይጻፍ። ጠፍቶ የኖረ ዘመድ ብቅ ሲል ይህ ሥጋት በየትም አገር አለ። የመቃብሩን ድንጋይ ፎቶና የባቻንን ፎቶ አብረን ላክን። ቤተ መቅደሶች የሟቾች መዝገብ አላቸው፤ የሰው ገመና ስላለበት ግን ሁሉም አያሳዩም። እምቢ ካሉ አመስግናችሁ ተዉት።

6. ጉዞው

ቪዛውን አስቀድማችሁ ጨርሱ። የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ለ90 ቀን ያለ ቪዛ ይገባል፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለን ግን ቪዛ ያስፈልገናል። አንድ ቤተሰብ ሆነን ልጆቹ ሲያልፉ እናት እንዳትቀር።

ጊዜውን ስትመርጡ አስቡበት። የሙታን መታሰቢያ የሆነው ኦቦን በአብዛኛው አገር ከኦገስት 13 እስከ 16 ነው። ቤተሰብ ሁሉ ወደ መንደሩ ይመለሳል፤ ለእኛ እንቁጣጣሽና መስቀል እንደሚሰበስበን። ነገር ግን ሙቀቱ ከባድ፣ ባቡሩ ጢም ያለ፣ ሆቴሉ ውድ ነው። ሂሮሺማ ከተማ ደግሞ ኦገስት 6 የአቶሚክ ቦምቡ መታሰቢያ ስለሆነ ማደሪያ አይገኝም። ከሕፃናት ጋር ከሆናችሁ ኦሂጋን የሚባለውን፣ በማርችና በሴፕቴምበር ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሳምንት ያለውን ምረጡ፤ ያኔም መቃብር ይጎበኛል፤ አየሩ ምሕረት አለው። ኦይስተር ለመብላት የሚሻ ግን ክረምታቸውን፣ ጃንዋሪን ወይም ፌብሯሪን ይጠብቅ።

እኛ ኦቦንን መረጥን፤ በአንድ ነገር ምክንያት። በምዕራብ ሂሮሺማ በዚያ ሳምንት መቃብሩ ሁሉ በቀርከሃ ዘንግ ላይ በተሰካ ባለቀለም ወረቀት ፋኖስ ይሞላል፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ። በዚያ ዓመት ለሞተ ሰው ነጭ ነው። ፋኖሱ ከሱፐርማርኬት ይገዛል። የኮረብታው ጎን ሁሉ ያበበ ይመስላል።

መንገዳችሁን በዮኮሃማ ብታደርጉ ጃይካ የሚባለው የጃፓን መንግሥት የትብብር ድርጅት ያቋቋመው የስደተኞች ሙዚየም አለ። በ1885 በመንግሥት ውል ወደ ሃዋይ የሄዱት፣ በ1908 በካሳቶ ማሩ መርከብ ከኮቤ ወደ ብራዚል የተጓዙት፣ ሻንጣቸው፣ የሥራ መሣሪያቸው እዚያ ይታያል። ልጆች ከመቃብሩ በፊት ይህን ቢያዩ የተሻለ ይገባቸዋል። ከቶኪዮ ሂሮሺማ በኖዞሚ ፈጣን ባቡር 4 ሰዓት ያህል ነው። ለቱሪስት የሚሸጠው የባቡር ፓስ በ2023 በጣም ስለተወደደ፣ ለአንድ ደርሶ መልስ ብቻ ከሆነ ነጠላ ቲኬት ይረክሳል።

ስጦታ ያስፈልጋል። እኛ ቡና ወሰድን፤ ይርጋጨፌ፣ በትንንሽ ከረጢት። ጃፓኖች የኢትዮጵያን ቡና «ሞካ» በሚል ስም ከድሮ ጀምሮ ያውቁታል። በሁለት እጅ ስጡ፤ እኛም እንዲሁ ስለምናደርግ አትቸገሩም። በአራት ቁጥር አትስጡ፤ ድምፁ ከሞት ቃል ጋር አንድ ነው።

መቃብሩ ላይ ባልዲና የውኃ መቅጃ ይገኛል። አረሙን ንቀሉ፣ ድንጋዩን በውኃ እጠቡ፣ አበባውን ለውጡ፣ ከዚያ ዕጣን ይለኮሳል። እሳቱን በትንፋሽ እፍ አትበሉት፤ በእጅ አራግባችሁ አጥፉ። ያቀረባችሁትን ምግብ ስትሄዱ ይዛችሁ ተመለሱ፤ ቁራ ይበታትነዋል። እኔ የተዋሕዶ ልጅ ስለሆንኩ ዕጣኑን ለባለቤቴ ተውኩ፤ ነጠላዬን አጣፍቼ ዝም ብዬ ቆምኩ፤ ማንም ቅር አላለውም። አንድ ድንጋይ የብዙ ትውልድ አመድ ይይዛል። በላዩ ከተጻፉት ፊደላት አንዱ «ቤት» ማለት ነው። የሰባት ቤቱን «ቤት» ጃፓኖች በድንጋይ ላይ ጽፈውት አገኘሁ።

ስለ ምግቡ አንድ ማስጠንቀቂያ። ሂሮሺማ ስትደርሱ ሁሉም ኦኮኖሚያኪ (ጎመን የበዛበት የዱቄት ቂጣ) ብሉ ይላችኋል። ብሉ፤ ጥሩ ነው። ግን ዛሬ የምናውቀው የሂሮሺማ ኦኮኖሚያኪ ከጦርነቱ በኋላ፣ ሩዝ ጠፍቶ ዱቄት ሲታደል የተስፋፋ ነው፤ በ1907 የተሰደደ ምንጅላት አያውቀውም። የእሱን ጣዕም ከፈለጋችሁ የኢሪኮ ሚሶ ሾርባ፣ በጨው የተዘፈዘፈ የሂሮሺማ ጎመን፣ በሚያጂማ ደሴት ማዶ አናጎ የሚባል ረጅም የባሕር ዓሣ በሩዝ ላይ የሚቀርብበትን ሳህን ፈልጉ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ዘመድ ቤት የሚቀርበው ነው። የተቀበሉን እናት «ምን ትወዳላችሁ?» ሲሉን ባለቤቴ «ባቻን የሚሠሩትን» ብሎ ወረቀቴን አሳያቸው። በነሐሴ ሙቀት የአዲስ ዓመት ሾርባ ሠሩልን።

መነሻቸው ኦኪናዋ ለሆነ ደግሞ የክፍለ ሀገሩ ቤተ መጻሕፍት የስደተኞችን ዘር ለሚፈልጉ ያግዛል፤ ከ1990 ጀምሮ በየጥቂት ዓመቱ የሚደረገው የዓለም ኡቺናንቹ (የኦኪናዋ ሰዎች) በዓልም ከሃዋይ፣ ከብራዚልና ከፔሩ ተወላጆችን ይሰበስባል። ጉዞውን ከዚያ ጋር ማገጣጠም ያዋጣል።

7. ስትመለሱ

ከመንደሩ ገበያ ኢሪኮ ግዙ፤ የደረቀ ስለሆነ ቀላል ነው። የአሜሪካ ጉምሩክ ላይ ምግብ መያዛችሁን አሳውቁ፤ ሥጋ ያለበት ነገር አታምጡ። ቤት ስትደርሱ ከፍታችሁ ያልተጠቀማችሁትን በፍሪዘር አስቀምጡ፤ ዘይት ስላለው ውጭ ከቆየ ይበላሻል።

የኮሴኪውን ቅጂ፣ የትርጉሙን፣ የመቃብሩን ፎቶና የሾርባውን አሠራር በአንድ ፋይል አድርጉ፤ የመንደሩን ስም በካንጂ፣ በላቲንና በፊደላችን ጻፉበት። ለተቀበሏችሁ ዘመዶች በዲሴምበር ካርድ ላኩ፤ ጃንዋሪ 1 እንዲደርስ ከውጭ አገር ሦስት ሳምንት ቀድሞ መላክ አለበት። ባለፈው ዓመት የእኛን ካርድ ታላቋ ልጄ ጻፈችው። የመንደሩ እናት መልስ ሲልኩ ከካርዱ ጋር የሞቺ ማስቀመጫ የደረቀ ቅጠል አድርገውበት ነበር፤ ሾርባው ሳህን ሥር እንዲነጠፍና ሞቺው እንዳይጣበቅ። ዘንድሮ ነጭ ፍጅሉን ክብ ክብ አድርገን ቆርጠን ከሥሩ አነጠፍን፤ ለካ ለዚያም ይሆናል።